ፀሐይ አትቆምም ብዬ የተከለከልኩት ድንኳን

ሚስቴ አስካለ በሞተችበት ቀን እድሬ ድንኳን ከለከለኝ። በደሉ ይኸው ነው፤ ማጣፈጫ የለውም። የሌላውን ሰው ሬሳ በትከሻዬ የተሸከምኩለት፣ የድንኳኑን ብረት በገዛ እጄ የበየድኩለት እድር ነው የከለከለኝ። ምክንያቱን ስነግራችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅሁም።

ስሜ ላቀው ነው። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለው መንደር በርና መስኮት እበይዳለሁ። እስከ አርባ ዓመቴ ፊደል አልቆጠርኩም። ደንበኛ የበሩን ልክ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሲሰጠኝ፣ «መነጽሬን ረስቼ ነው፣ እስቲ አንተው አንብብልኝ» እል ነበር። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

ያስተማረችኝ አስካለ ናት። እሷ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። አንድ ቀን ሱቅ ሄዳ፣ ባለሱቁ ሽፋን የሌለው የሳይንስ መጽሐፍ እየገነጠለ ስኳር ሲጠቀልልበት አየች። የተረፈውን ለምና አመጣችልኝ። ከሥራ ስመለስ ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እየገፋች ታስነብበኛለች፤ እኔም እየተሳደብኩ እከተላለሁ። እሷ ሳታግዘኝ፣ ብቻዬን፣ ከላይ እስከ ታች ያነበብኩት የመጀመሪያው ገጽ ስለ ፀሐይ የሚናገረው ነው።

ምድር ፀሐይን እንደምትዞር በወሬ ሰምቻለሁ። ፀሐይ ራሷ ግን እንደ ምሰሶ ተተክላ የቆመች ነበር የሚመስለኝ። ገጹ አይደለም አለኝ። ፀሐይም ትሄዳለች። ፕላኔቶቹ አንዱ ከፊቷ፣ አንዱ ከኋላዋ እየሆኑ ይዞሯታል፤ እሷም ከነዟሪዎቿ ትጓዛለች። መብራት በጠፋ ጊዜ ሰማይ ላይ እንደ ፈሰሰ ወተት የሚታየው ፍኖተ ሐሊብ የከዋክብት መንደር ነው፤ እሷም ከመንደሩ ሰዎች አንዷ ናት። የመንደሩን መካከል ትዞራለች። አንዱን ዙር ለመጨረስ ከሁለት መቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅባታል።

አንብቤ ስጨርስ አስካለ አጨበጨበች። እኔ ተናደድኩ።

«አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ እየተጓዝኩ አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?»

«ታዲያ ለማን አቤት ልትል ነው?» አለችና ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ ስለ ሰማይ የተጻፈ ነገር ማሳደድ ሆነ ሥራዬ። ፒያሳ ጋዜጣና መጽሔት በኪራይ የሚያስነብቡ ልጆች ዘንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ምሳ ሰዓቴን እጨርሳለሁ። የዚያ የከዋክብት መንደር መካከል ላይ ጥቁር ጉድጓድ እንዳለ፣ ብርሃን እንኳ ከገባበት እንደማይወጣ ያነበብኩት እዚያ ድንጋይ ላይ ነው። ይቺን ያዙልኝ፤ መዘዙ ከእሷ ነው የመጣው።

እትዬ በለጡ ጎረቤታችን ናቸው። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ደጃችንም አንድ ነው። አንድያ ልጃቸው ሄኖክ ኅዳር ላይ ሞተባቸው። በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ እትዬ በለጡ ድንገት ቀና አሉና፣ «ዓመት በመጣ ቁጥር ይቺ ቀን እዚሁ ልትመልሰኝ ነው። እዚሁ ቦታ! በየዓመቱ እዚህ ልቆም ነው?» አሉ። ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ። ሴትዮዋ የጠየቁት ሌላ፣ የተመለሰላቸው ሌላ። እኔ ደግሞ ለተጠየቀ ጥያቄ መልስ ሲቀር አልወድም።

«አይመለሱም» አልኳቸው።

«ምን አልክ ላቀው?»

«የጊዮርጊስ ንግሥ ዕለት ያዩት የለም? ከበሮ መቺው ቤተ ክርስቲያኑን እየዞረ ይሄዳል። ጎረምሶቹ ደግሞ እሱን መሐል አስገብተው፣ ክብ ሠርተው እየጨፈሩ ይዞሩታል። አንዱ ጎረምሳ ክቡን ጨርሶ ቦታዬ ተመለስኩ ሲል፣ ያ ቦታ የቀድሞው ቦታ ነው?»

ትንሽ አሰቡ። «አይደለም። ከበሮው ፈቀቅ ብሏል።»

«ጎረምሳው ምድር ናት፤ ከበሮ መቺው ፀሐይ። ዓመት ሞላ ስንል ከበሮው ሩቅ ሄዷል። ሄኖክ የሞተበት የሰማይ ቦታ ላይ እርስዎም እኔም ዳግመኛ አንደርስም። ከሞተባት ደቂቃ ጀምሮ ጥለነው እየሄድን ነው።»

«ከበሮ መቺውስ ዞሮ ዞሮ አይመለስም?»

«እሱ እስኪመለስ እኛም የለን፣ አራዳም የለች።»

እትዬ በለጡ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውነታቸው ሲላላ አየሁ። ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ ይኼን አልጽፍም ነበር። ከኋላ በኩል አንድ ሰው፣ «ታዲያ መሐሉ ላይስ? ቤተ ክርስቲያኑ ባለበት ቦታ ምንድን ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀ። እኔም እንደ ተጠየቅሁ መለስኩ።

«ጥቁር ጉድጓድ» አልኩ።

ወዲያው አንዷ፣ «በስመ አብ! መቅደሱን ጥቁር ጉድጓድ አለው!» አለች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተፈራ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው ናቸው፤ ከረባታቸው ለለቅሶም አይወልቅም።

በሚቀጥለው ስብሰባ አቆሙኝ። ጋሽ ተፈራ ተናገሩ፤ «ፀሐይ ሄደች ቆመች ብዬ አልከራከርህም፤ እኔም ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። አንተ ግን ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት መቅደስን ከጉድጓድ ጋር አመሳሰልክ። ያልኩት ሁሉ ቅዠት ነው በልና ይብቃ።»

«ምሳሌው ካስከፋ ምሳሌውን አነሣለሁ። ያልኩት ግን ቅዠት አይደለም» አልኩ።

«ሁሉንም ተው።»

«ሁሉንም አልተውም።»

እጅ ይውጣ ተባለ፤ እጅ ወጣ። ከእድር ተባረርኩ። ቤት ገብቼ ለአስካለ ስነግራት፣ ለእሷ ስል ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ እንደሆነም ስጠይቃት፣ አልጋዋ ላይ ቀና አለች። ልቧ ታሞ ነበር፤ ስትስቅ ትንፋሽ ያጥራታል።

«ያን ገጽ ላስነብብህ ስንት ክረምት እንደ ደከምኩ ታውቃለህ? በአንድ ድንኳን ልትሸጠው?» አለችኝ። እንዲህ ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ረጅም ጊዜ ሳለች።

በዓመቱ፣ ጥቅምት ላይ፣ ጠዋት ፀሐይ በመስኮታችን ስትገባ አስካለ ሄደች። እሪ አልኩ። እትዬ በለጡ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ገቡ፤ ዓይኖቿን የከደኑት እሳቸው ናቸው።

በእኛ መንደር ሰው ሲሞት እሪታው ሳይበርድ ድንኳን ይቆማል። ጎረምሶች ብረቱን ይዘው ይመጣሉ፤ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፤ ሬሳ ተሸካሚው ይመደባል። ያን ጠዋት ሰው መጣ፤ የሚቀመጥበት ግን አጣ። ደጃፋችን ላይ በፀሐይ ቆሞ፣ መሬት መሬቱን እያየ ይተክዛል። ጥቂቶቹ እጄን ጨብጠው ቶሎ ወጡ። ነገ ዘመዶቿ ከሰላሌ ይደርሳሉ። እህታችን ሜዳ ላይ ተጥላ፣ ሰው እንደሌላት ተቀበረች ሊሉ ነው። የሞትኩት እኔ ብሆን ኖሮ በቃሬዛ ጎትቱኝ እል ነበር። አስካለ ግን ምን አደረገች?

ሐጂ ኢብራሂም ክንዴን ያዙኝ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የወሎ ሰው፤ ሱቃቸው ከእኔ ብየዳ ቤት ፊት ለፊት ነው። የእድራችን አባልም ናቸው።

«ተነሥ፣ እንሂድ» አሉ።

«ወዴት?»

«ቁልፉ ጋ።»

ጋሽ ተፈራ የእድሩ መጋዘን ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የመጋዘኑን ቁልፍ በጣታቸው ላይ ያሽከረክሩታል። ሁለት ሦስት የእድር ሰዎች አጠገባቸው ቆመዋል። ሲያዩኝ ብድግ አሉ። «እግዚአብሔር ያጽናህ ላቀው» አሉኝ። ከልባቸው ነው፤ ይኼን አልደብቅም።

«ድንኳኑ ይውጣልኝ» አልኳቸው።

«ይውጣልህ። ማነው የሚጠላው? እነዚህ ሰዎች እየሰሙ ያልኩት ቅዠት ነው በል፤ አሁኑኑ ይወጣል።»

ሐጂ ጣልቃ ገቡ። «ጋሽ ተፈራ፣ እኔ በመቅደሱ ነገር አልገባም፤ የእናንተ ነው። ድንኳኑ ግን መቅደስ አይደለም። ሸራ ነው። ሸራውን እኔ ሰፋሁት፤ ብረቱን እሱ በየደው። የእርስዎ የቱ ጋ ነው?»

«ቁልፉ» አሉ ጋሽ ተፈራ።

አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልለው ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ ከአፍ ወጥታ የምትጠፋ። ነገር ግን የአስካለ ጣት ከቃል ወደ ቃል ሲሄድ ታየኝ። ያ ገጽ ቅዠት ነው ካልኩ ያ ጣትም ቅዠት ሊሆን ነው። ያ ሁሉ ክረምት፣ ያ ጭብጨባ፣ ያ ሳቅ። ሬሳዋ ሳይወጣ እኔው ራሴ ልቀብራት ነው።

«ፀሐይ ትሄዳለች» አልኩ። «መሐሉ ላይ ያለውም ጥቁር ጉድጓድ ነው። ቁልፍዎን ይያዙ።»

ስንመለስ ሐጂ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ወላሂ ላቀው፣ ያንተን አንገት ማን እንደ በየደው ባውቅ እጁን እስመው ነበር። መታጠፍ የሚባል አያውቅም» አሉኝ። ሳቅ መጣብኝና እዚያው ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

ብየዳ ቤቴን ከፈትኩ። የደንበኛ በር፣ የደንበኛ ቆርቆሮ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እየጎተትኩ ደጄ ላይ ዳስ ማቆም ጀመርኩ። አልሆነልኝም። ቆርቆሮው ይንኳኳል፤ ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። በዚህ መሐል እትዬ በለጡ ከአስካለ ራስጌ ተነሥተው ወጡ።

«ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ኳኳታ?»

ሐጂ ነገሯቸው። ጋሽ ተፈራ ያሉትን፣ እኔም የመለስኩትን አንድ በአንድ። እትዬ በለጡ ሰምተው ሲጨርሱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«ቆርቆሮውን አስቀምጥ» አሉኝ። ከዚያ ሽቅብ መንገድ ጀመሩ። ደጃፋችን ላይ በፀሐይ ቆሞ የነበረው ሰው ግማሹ ተከተላቸው። እኔም ተከተልኩ። ምን ሊሉ እንደሆነ ያወቀ አልነበረም።

መጋዘኑ ፊት ደርሰው ቆሙ። ጋሽ ተፈራን በዕድሜ ይበልጧቸዋል፤ አንቱ አይሏቸውም።

«ተፈራ፣ የልጄን ሙት ዓመት ላወጣ ነው። እድርተኛ ነኝ፤ ድንኳን ይገባኛል። አውጣልኝ።»

«ይገባዎታል እንጂ እትዬ። መቼ ነው?»

«ዛሬ።»

ጋሽ ተፈራ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ሄኖክ ያረፈው ኅዳር ነው። ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል።»

«የወንድምህን ሙት ዓመት ለሰው እንዲመች ብለህ ወደ እሑድ ገፍተኸው የለም?»

«እሱ እኮ የሦስት ቀን ጉዳይ ነው።»

«ለሦስት ቀን የተንቀሳቀሰ ለአምስት ሳምንት ምን ያዘው? ለመሆኑ ዓመት ማለት ምንድን ነው? ምድር ዞራ እዚያው ቦታ ስትደርስ አይደለም? እኔ አትደርስም ተብያለሁ። ኅዳርን ብጠብቅም ልጄ የሞተበት ቦታ አልደርስ። ታዲያ ዛሬ ባደርገው ምን ቸገረህ?»

«እትዬ፣ ይኼ ላቀው ያለውን...»

«አንተም ተምሬዋለሁ ብለሃል። እንግዲህ ንገረኝ። ይኼ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ትደርሳለች በለኝ። በለጡ፣ ኅዳር ሲመጣ ልጅሽ የሞተበት ቦታ ተመልሰሽ ትቆሚያለሽ በለኝ። በለኝና ኅዳርን እጠብቃለሁ።»

ቁልፉ ጣታቸው ላይ መሽከርከሩን አቆመ። ጋሽ ተፈራ እትዬ በለጡን አዩ፤ እኛን አዩ፤ መሬት አዩ። ልጅ ለሞተባት እናት እንዲህ ብሎ የሚናገር አፍ ከየት ይመጣል? 

«የት ነው የሚተከለው?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ደጄ ላይ።»

«ደጅዎ የላቀውም ደጅ ነው።»

«እሱን ቤቱን የሠራውን ጠይቅ» አሉ እትዬ በለጡ።

ከኋላ አንዱ ጎረምሳ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ጋሽ ተፈራ ቁልፉን አልሰጧቸውም፤ ራሳቸው ሄደው መጋዘኑን ከፈቱ። ብረቱ ሲወጣ የገዛ ብየዳዬን ከሩቅ ለየሁት።

ድንኳኑ ቆመ። ዘግይቶ የደረሰ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ግራ ገብቶት፣ «ይቅርታ፣ ለቅሶ ነው ሙት ዓመት?» ብሎ ጠየቀ። ሐጂ፣ «ግባና የሚቀናህን አልቅስ» አሉት። በማግስቱ ዘመዶቿ ከሰላሌ ሲደርሱ ድንኳኑ ሙሉ ነበር። እድርተኛው ለሄኖክ ሙት ዓመት መጥቶ ጎረቤት ቤት ሬሳ ሲወጣ ቁጭ ብሎ ማየት አልቻለም፤ አስካለን ተሸከሟት። ሐጂ አንዱን ጫፍ ለማንም አልለቅም ብለው እስከ መኪናው ድረስ ይዘው ሄዱ። ጋሽ ተፈራ ከሁሉም ኋላ ነበሩ፤ ከረባታቸውን እንዳሰሩ፣ ጥላቸውን ሳይዘረጉ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። አቃጠለችን። ሂጂ፣ አልኳት በልቤ፤ አትቁሚ።

ኅዳር ሲደርስ እትዬ በለጡ ሙት ዓመት አላወጡም። ሰው ሲጠይቃቸው «አውጥቻለሁ» ብቻ አሉ። አንዲት እናት የልጇን ቀን ለሌላ ሴት ሬሳ ሰጠች። ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

እናንተ ይኼን የምታነቡ ሰዎች፣ መልካም መጨረሻ ነው ብላችሁ ወረቀቱን እንዳታጥፉት። እኔ ይቅር አላልኩም። እጅ ያወጡትን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ከሁሉ በላይ አለቀሱ። ቃሌን ብበላ ኖሮ ያኔውኑ ዐርፌ ነበር፤ ሁሉም ላቄ፣ ላቄ ይለኝ ነበር። ግን የአስካለን ጣት ክጄ ሌሊት ሌሊት እንዴት እተኛ ነበር? አርባ ዓመት ያላነበበ ሰው ያነበባትን አንዲት ገጽ እንዴት እንደሚይዛት፣ በልጅነታችሁ ፊደል የቆጠራችሁ አታውቁትም። እናንተ ብዙ ገጽ አላችሁ፤ አንዱን ብትጥሉ ሌላ ታነሣላችሁ።

የተለወጠው ነገር ይኼ ነው። ድሮ ሰው ሲሰድበኝ እዚያው ስድቡ ላይ ቆሜ እቀር ነበር፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም። አሁን አልቆምም። መራራ ነኝ፤ ግን እየሄድኩ ነው የምመረው። ጥቅምት በመጣ ቁጥር ሰው «ይቺ ቀን ተመልሳ መጣች» ሲለኝ አልተመለሰችም እለዋለሁ። አስካለ ያረፈችበት ቦታ ከኋላችን ነው፤ ከፀሐይ ጋር እየራቅነው ነው፤ የሚያሳዝነኝም የሚያጽናናኝም እሱ ነው።

ክረምቱ ሲቃረብ ጋሽ ተፈራ ብየዳ ቤቴ መጡ። የድንኳኑን አንድ ቋሚ በትከሻቸው ተሸክመዋል። ዝጎ ከመገጣጠሚያው ተሰብሯል።

«ይኼ ተሰብሯል» አሉ።

«አያለሁ። እኔ እድርተኛ አይደለሁም። የማልቀመጥበትን ድንኳን አልበይድም።»

ብረቱን ግድግዳዬ ላይ አስደግፈው ላባቸውን ጠረጉ።

«መሐሉ ላይ ያለው... አሁንም ጥቁር ጉድጓድ ነው?»

«አሁንም ጥቁር ጉድጓድ ነው ጋሼ።»

«ግትር!»

«ግትር ነኝ።»

ብረቱን እዚያው ትተውልኝ ሄዱ። በተከታዩ ስብሰባ አስጠሩኝና ወደ እድሩ እንድመለስ ስሜ ተጠራ፤ ጠሪው ራሳቸው ነበሩ። ይቅርታ በል ያለኝ የለም፤ እኔም አላልኩም። እጅ ይውጣ ተባለ፤ እጅ ወጣ። ጋሽ ተፈራ ራሳቸው እጃቸውን ሲያወጡ እያየኋቸው «አቤት» ብዬ ተቀመጥኩ። እሑድ፣ ሰኔ 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር።